ጎመኑ በረዶ ውስጥ ምን ይሠራል?

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። "ብርዱ እንዴት ነው?" አለችኝ። "ክረምቱ ገብቷል እማዬ፣ ትናንት ማታ በረዶ ሲጥል አደረ" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "አንቺ ልጅ፣ በታኅሣሥ ምን ክረምት አለ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ለእኛ ክረምት ማለት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በበጋው ነው። ውርጭ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ነገር ነው። ፈረንጆቹ "ዊንተር" የሚሉትን "ክረምት" ብለን ስንተረጉም ዝናብና ውርጭን እያምታታን ነው። እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ዝም ብለን "ዊንተር" ማለት የለመድነው ለዚህ ይመስለኛል። እኔም ከዚህ በኋላ ዊንተር እላለሁ፤ እናቴ ትታዘበኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ። የሰፈራችን የአትክልተኞች ክበብ አባል ከሆንኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ስመዘገብ ክበቡ በኦክቶበር ተበትኖ በኤፕሪል የሚሰበሰብ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ወሬው የሚደራው በብርዱ ወቅት ሆኖ አገኘሁት። በሰመር ሁሉም በየመደቡ ጎንበስ ብሎ አረም ሲነቅል ነው የሚውለው፤ ማን ከማን ጋር ያወራል? በዊንተር ግን ሻይ አለ፣ ዘር አለ፣ ክርክር አለ። ክርክሩ ደግሞ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ብርድ ተክልን ምን ያደርገዋል?

እኔ የገባኝን ያህል ላስረዳ።

ሌሊት የሚመጣውና መጥቶ የሚሰነብተው

የደብረ ብርሃኑ ውርጭ እንደ ሌሊት ሌባ ነው። ቀን ላይ መሬቱ የሰበሰበው ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከፊሉን ይመልሰው ነበር። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ነፋስ ከጠፋ ደግሞ ባሰ፤ ቀዝቃዛው አየር ሳይናጥ መሬቱ ላይ ይተኛል። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚነጋው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ጠቁሮ ሲነጋ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው የጎረቤት ባቄላ ምንም ሳይሆን የሚያድረው ለዚህ ነው። ፀሐይ ወጣ ስትል ሁሉም ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ሹራብ ይወልቃል።

የሜሪላንዱ ብርድ ሌላ ጠባይ አለው። እሱ ሌባ ሳይሆን፣ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ የሚሰነብት እንግዳ ነው። ከሰሜን፣ ከካናዳ በኩል የወረደ አየር ቀንም ሌሊትም ሳይለቅ ሊከርም ይችላል። እኩለ ቀን ላይም ዜሮ አይሞላም። አፈሩ ራሱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ደብረ ብርሃን ላይ ቅጠሉ ቢመታ ሥሩ ደህና ነው፤ እዚህ ግን ብርዱ ሥሩን ፍለጋ ይወርዳል።

ይህ ልዩነት ስላልገባኝ ነው የመጀመሪያዋን ኮሰረቴን የቀበርኳት። "የደጋ ልጅ ናት፣ ብርድ መች ብርቋ ነው" ብዬ ውጭ ተውኳት። በዲሴምበር አጋማሽ ከነሥሯ አለቀች። የደጋ ተክል የለመደው የአንድ ሌሊት ቅዝቃዜ ነው። ሳምንት ሙሉ የጠጠረ አፈር አያውቅም። ጌሾም ያው ነው። አሁን ሁለቱንም በማሰሮ ተክዬ ውርጭ ሳይመጣ ወደ ቤት አስገባቸዋለሁ። ቦታ ያጣብባሉ፣ ባለቤቴም ያጉረመርማል፤ ግን ቂቤ ያለ ኮሰረት አይነጠርም።

ውርጭ የሚገድለው በማድረቅ ነው

ጠርሙስ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ የረሳ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ጠርሙሱም ይሰነጠቃል። ተክልም እንደዚያው ከውስጥ ፈንድቶ የሚሞት ይመስለን ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን ትንሽ ለየት ይላል።

የተክል አካል በጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሳቱ መካከል ደግሞ ክፍተት አለ። በክፍተቱ ያለው ውሃ ንጹሕ ውሃ ለመሆን የቀረበ ነው። ሕዋሱ ውስጥ ያለው ግን ስኳርና ሌላ ሌላም ነገር የሟሟበት ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። የሟሟ ነገር የበዛበት ፈሳሽ ቶሎ በረዶ አይሆንም። በዊንተር መንገድ ላይ ጨው የሚበተነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በረዶው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሕዋሱ ውጭ ነው።

ውጭ ያለው በረዶ ታዲያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውሃውን ከሕዋሱ ውስጥ እየሳበ ያድጋል። ሕዋሱ እየደረቀ፣ እየተኮማተረ ይሄዳል። ያልተዘጋጀ ተክል ከሆነ ሽፋኑ ይቀደዳል። ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ውሃው የሚመለስበት ዕቃ የለም። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ሆኖ ይጠቁራል፣ ይዘናፈላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ባሲል ከአንድ ውርጭ በኋላ የሚይዙት መልክ ይኸው ነው። በሶብላማ ውርጭ እስኪመጣ አትጠብቅም፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ ሲጀምር ማኩረፍ ትጀምራለች።

ብርድ የሚችለው ተክል ግን አስቀድሞ ይሰናዳል። ቀኑ ማጠሩ አንዱ ምልክቱ ነው፣ ሌሊቱ መቀዝቀዙ ሌላው። ያጠራቀመውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። በስኳሩ የሕዋሱ ፈሳሽ ይወፍራል፣ በረዶ የሚሆንበት ዲግሪም ዝቅ ይላል። የሕዋሱን ሽፋን ቅባትም ይቀይራል። ቅቤ በብርድ እንደሚደርቅና ዘይት ግን እንደማይደርቅ አስቡት፤ ተክሉ ሽፋኑን ከቅቤው ጠባይ ወደ ዘይቱ ጠባይ ያስጠጋዋል። እንዲህ ሲሆን ሽፋኑ ቢኮማተርም አይቀደድም፤ ውሃው ሲመለስ መልሶ ይዘረጋል።

ውርጭ የነካው ጎመን የሚጣፍጠው በዚህ ስኳር ምክንያት ነው። ካሮትም እንደዚያው። በኖቬምበር ከመደቡ የነቀልኩትን ካሮት ልጆቼ እንደ ከረሜላ ነው የሚቆረጥሙት። ተክሉ ግን ለእኛ ብሎ አልጣፈጠም፤ ሞት ፈርቶ ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ምክር አለ። ጠዋት ጎመኑ በረዶ ሆኖ፣ ተልፈስፍሶ መሬት ላይ ተለጥፎ ብታዩት አትደንግጡ፣ አትንኩትም። ውሃው ከሕዋሱ ወጥቶ ውጭ ቆሞ ነው። እንደዚያ እያለ ብትቀነጥሱት ወይ ብትዳብሱት የያዛችሁበት ቦታ ይበላሻል። እስከ ረፋድ ጠብቁት። ቀልጦ፣ ውሃውን መልሶ ጠጥቶ ቀጥ ይላል። ስፒናች ላይ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ዓይኔን አላመንኩም፤ ጠዋት ልጥለው ያሰብኩትን ማታ ወጥ ሠራሁበት።

ድንገተኛው ነው ክፉው

መሰናዳት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳምንታት ይወስዳል። ቀስ እያለ የመጣን ብርድ የሚችል ተክል በድንገት የመጣውን ላይችል ይችላል።

በ2022 በፈረንጆቹ ገና ሰሞን የሆነውን እዚህ ያለ አትክልተኛ አይረሳውም። ለብ ያለ ቀን ነበር። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ብርዱ እንደ ድንጋይ ወደቀ። የእኔ የጥብስ ቅጠል፣ አምስት ዓመት የኖረች ትልቅ ቁጥቋጦ፣ በዚያ ሳምንት አለቀች። ከዚያ በፊት ከዚያ የማይተናነስ ብርድ ችላ ነበር። ቀስ ብሎ የመጣ ስለነበር ነው የቻለችው።

በክበቡ አንድ አዛውንት አሉ፣ ጡረታ የወጡ የእንጨት ሠራተኛ። ሙቀት መለኪያ ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። "በጃንዋሪ ብርድ አልፈራም፤ የምፈራው በጃንዋሪ ሙቀት ነው" ይላሉ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሙቀቱ ተክሉን አታልሎ ስንቁን ያስፈታዋል። ተክሉ ፀደይ የመጣ መስሎት ስኳሩን ያወጣል፣ እምቡጡን ያሳብጣል። በማግስቱ ብርዱ ሲመለስ እርቃኑን ያገኘዋል።

ከኅዳር ሲታጠን እስከ ጥምቀት

ብዙ ሰው በዊንተር ተክል የማያድገው ስለሚበርደው ብቻ ይመስለዋል። የብርሃን ነገር ይረሳል።

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለው። ዋሽንግተን ላይ በዲሴምበር ቀኑ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። አትክልተኞች የሚጠቀሙበት አንድ ድንበር አለ፤ 10 ሰዓት። የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት ሲያንስ አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል እድገቱን ሊያቆም ምንም አይቀረው። ብትሸፍኑትም፣ ብታሞቁትም ፎቀቅ አይልም። በእኛ አካባቢ ይህ ጊዜ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ ነው።

በእኛው አቆጣጠር ሳሰላው ደስ አለኝ። የሚጀምረው ከኅዳር ሲታጠን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሚያበቃው ከጥምቀት ሳምንት ያህል አልፎ ነው። ክበቡ ውስጥ ያለነው ሦስት ሐበሾች አሁን እንዲህ ነው የምናወራው፤ "ጎመኑ ኅዳር ሳይታጠን መድረስ አለበት።" ማለትም እስከዚያ ድረስ አድጎ ካልጨረሰ ከዚያ በኋላ አያድግም፤ የደረሰው ግን እንደ ፍሪጅ ሆኖ መደቡ ላይ ይቆያል። ስለዚህ የዊንተር ጎመን የሚዘራው በዊንተር አይደለም። በኦገስት ሙቀት፣ ላብ እያንጠባጠበን ነው የምንዘራው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ዓመት በኦክቶበር ዘርቼ እንደ አውራ ጣት ያነሰ ችግኝ ይዤ ከርሜያለሁ።

ኅዳር ሲታጠን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የተጣላሁበት ጉዳይ አለ። እኛ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻና ቅጠላ ቅጠል ሰብስበን እናጥናለን። በእኛ አቆጣጠር የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ያዩ ሰዎች ያቆዩን ልማድ ነው፣ እወደዋለሁ። የጭሱ ሽታ ልጅነቴ ነው። እዚህ ክበብ ግን "ቅጠል አቃጥያለሁ" ብትል እንደ ወንጀለኛ ነው የምትታየው። የወደቀ ቅጠል ለእነሱ ወርቅ ነው። ፈጭተው፣ አከማችተው፣ መደብ ላይ ይጎዘጉዙታል። ከጎረቤት ደጃፍ በከረጢት የተቀመጠውን ሳይቀር ለምነው ይወስዳሉ። አሁን እኔም እለምናለሁ።

ጉዝጓዙ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጉዝጓዝ አፈሩን ለማሞቅ የሚለብስ ብርድ ልብስ ይመስላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ከፍ ዝቅ የሚለውን መከልከል ነው። ቀን ፀሐይ አፈሩን ታቀልጠዋለች፣ ማታ ይጠጥራል። ሲጠጥር ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሟሽሻል። ይህ ሲመላለስ ሥሩ ያልጠለቀን ተክል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ጠዋት ወጥታችሁ የተከላችሁት ነጭ ሽንኩርት አፈር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ ወፍ የነቀለው ይመስላል። ስለዚህ ጉዝጓዙን ወፍራም አድርገን የምናለብሰው አፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። እንደቀዘቀዘ ይቆይልን ነው የምንለው። በረዶም ሲጥል እንዲሁ ያገለግላል። ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ከላይ ያለውን ክፉ ብርድ ይከላከላል። ከመደብ ላይ በረዶ በአካፋ የሚያነሳ ሰው ሳይ አሁን አሁን ያሳዝነኛል።

ብርድን የሚቆጥሩ ተክሎች

እስካሁን ብርድን እንደ ጠላት ነው ያወራሁት። የማይበርደው ከሆነ የማያፈራ ተክልም አለ።

ነጭ ሽንኩርት አንዱ ነው። ራሱን ፈልፍለን፣ እያንዳንዱን ፍሬ ለየብቻ፣ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር እንተክላለን። ከዊንተሩ በፊት ሥር ይሰዳል፣ ትንሽ ቡቃያም ያወጣል። ከዚያ ለሳምንታት ብርድ ይጠጣል። ይህን ብርድ ካላገኘ በሰመር ስትነቅሉት አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆንባችኋል፤ በፍሬ በፍሬ አይከፋፈልም። ብርዱ "አሁን ተከፋፈል" የሚለው ምልክት ነው። በፀደይ የተከለ ሰው ሲያማርር ብትሰሙ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥቅል ጎመንና እዚህ በየሱቁ የምናገኘው ኮላርድ የሚባለው የጎመን ዓይነትም ብርድ ይቆጥራሉ፣ ለሌላ ዓላማ። እነሱ ሁለት ዓመት የሚኖሩ ተክሎች ናቸው። አንድ ዊንተር እስኪያልፍ አያብቡም። ዊንተሩን ከተሻገሩ በኤፕሪል ቁመታቸውን መዘው ቢጫ አበባ ያወጣሉ። ቅጠሉ ያኔ ይመርራል። "ጎመኔ አበደ" ብላችሁ አትዘኑ። የአበባው እንቡጥ ራሱ በቅቤ ጠበስ ሲደረግ ሌላ ነው፤ ሞክሩት።

ፖምና ኮክ ደግሞ በሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ያሳለፉት ሰዓት ይደመራል። ብዙ የፖም ዝርያ 800 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ካልሞላ እምቡጡ በወቅቱ አይፈነዳም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ይተኛል። ዛፉ ለምን ይህን ይቆጥራል? በጃንዋሪ ሦስት ቀን ሞቅ ሲል እንዳይሸወድ ነው። ቆጠራው ሳይሞላ አይነቃም። ቅድም ያልኳችሁ አዛውንት የሚፈሩትን ሙቀት ዛፉም ያውቀዋል ማለት ነው።

በሞቃት አገር ፖም መትከል የማይሆነው ለዚህ ነው። በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ላይ ግን ሆኗል። በሚሲዮናውያን በኩል የገባው ፖም እዚያ ብርዱን አገኘና ለመደ፤ ዛሬ ጨንቻ ሲባል ፖም ነው የሚታወሰው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄዱት። ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ዛፉን ቀየሩት። "አና" የሚባለው ፖም ዔን ሼመር በሚባል ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተዳቀለ ሲሆን፣ 300 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይበቃዋል። እዚህ ሜሪላንድ ግን አና አይመከርም። ቆጠራዋ በጃንዋሪ ይሞላና አብባ ውርጭ ይበላታል።

የዞኑ ካርታ የሚናገረውና የማይናገረው

እዚህ አገር ችግኝ ስትገዙ ማሰሮው ላይ "ዞን 7" ወይም "ዞን 5" የሚል ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ካርታ ነው፤ የመጨረሻው የወጣው በ2023 ነው። አገሩን በ13 ዞን ይከፍላል። የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየዓመቱ ከሁሉ የበረደው ሌሊት ስንት ዲግሪ ደረሰ? የ30 ዓመቱ አማካይ ይወሰዳል፣ ከ1991 እስከ 2020። ዞን 7 ማለት ያ ሌሊት በአማካይ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ይደርሳል ማለት ነው፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 12 እስከ 18 ገደማ።

ካርታው ያ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አይናገርም። በድንገት ይምጣ ቀስ ብሎም አይናገርም። አፈሩ ውሃ ይቋጥር አይቋጥርም አያውቅም። የጥብስ ቅጠል በዞን 7 ትኖራለች ይላል፣ እውነትም ትኖራለች፤ እግሯ ሥር ውሃ ከተኛ ግን ብርዱ ሳይደርስባት ትበሰብሳለች። ከሞተችብኝ በኋላ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በደቡብ በኩል ካለው ግድግዳ ጥግ፣ "አርፕ" የምትባለውን ብርድ ቻይ ዝርያ ተከልኩ። እስካሁን አለች። ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይሰጣታል።

የአማካይ ነገር ተንኮል እንዳለው ለማየት ዋሽንግተን ያለውን ናሽናል አርቦሬተም የሚባለውን የዛፎችና የተክሎች መናፈሻ መጎብኘት ይበቃል። ክበቡ በፌብሩዋሪ አንድ ቅዳሜ ይወስደናል። እዚያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ የመጡ ሁለት ክፉ ዊንተሮች የነበሩትን ካሜሊያ የሚባሉ የአበባ ቁጥቋጦዎች ፈጅተው ነበር። የተረፉት ጥቂት ነበሩ። ዊሊያም አከርማን የሚባሉ ተመራማሪ ከተረፈው ዝርያ ጋር እያዳቀሉ ብርድ የሚችሉ ካሜሊያዎች አወጡ። ዛሬ በየሰፈሩ በኖቬምበር የሚያብቡት ብዙዎቹ የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው።

የእኛው ጎመን ሌላ ነገሩ

ስለ ሐበሻ ጎመን ሳላወራ ባልፍ እናቴም አትምረኝ።

የእኛ ጎመን ከኮላርድ ጋር ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም። ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው። ይህን በፈረንጆቹ 1935 በክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር መረጃ ተሸካሚ) ቆጠራ ያሳየው ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ በአባቱ ኮሪያዊ የሆነ ሳይንቲስት ነው። ሰናፍጩ 8፣ የጥቅል ጎመኑ ወገን 9፣ የእኛው ጎመን 17። ሒሳቡ ቁልጭ ያለ ነው። ያ ትንሽ አፍንጫ የሚኮረኩር ጣዕሙ ከየት እንደመጣ ይህ ይነግረናል።

ብርድ ላይ ከኮላርድ ያንሳል። ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ክፉው ሲመጣ ግን ይጎዳል። እኔ በቀስት ብረት ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ እሸፍነዋለሁ። ይህ ጨርቅ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያተርፋል፣ ዝናብና ብርሃን ያሳልፋል። ፕላስቲክ የሚጠቀሙ አሉ። ፕላስቲክ ፀሐይ ስትወጣ ካልተገለጠ ከውስጥ ያለውን ይቀቅለዋል። ቅጠሉን ከነካው ደግሞ የነካው ቦታ በብርድ ይቃጠላል።

የሚገርመው፣ ይኸው ተክል ከእኛ ዘንድ ወጥቶ እዚሁ አሜሪካ በደቡቡ ክፍል፣ በፍሎሪዳና በጆርጂያ፣ የዊንተር ሰብል ሆኖ እየተሞከረ ነው። እዚያ ዊንተሩ ለስላሳ ነው፤ ማሳውም በዚያ ወቅት ባዶ ነው። የሚፈልጉት ቅጠሉን አይደለም፣ ዘሩን ነው፤ ጎመንዘሩን። ዘይቱ ለአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል። በኦክቶበር 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ሙሉ በሙሉ ከዚህ ዘይት በተሠራ ነዳጅ በረረ። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን የበረረ የአውስትራሊያው አየር መንገድ የቃንታስ አውሮፕላን 10 በመቶ ያህሉን ቀላቅሎ ነበር። እኛ ምጣድ የምናሰስበትን ጎመንዘር! ለእናቴ ስነግራት "እንግዲያ ቅጠሉን ለእኛ ይተዉልን" አለች።

ዘር፣ የወተት ጋሎንና በርበሬ

ጃንዋሪ ሲገባ ክበቡ ወደ ዘር ይዞራል። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በአሜሪካ የዘር መለዋወጫ ቀን አለ። የጀመረውም እዚሁ ሰፈራችን ነው ማለት ይቻላል፤ በ2006፣ ዊተን በሚገኘው ብሩክሳይድ ጋርደንስ። ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ሁሉም የተረፈውን በትንንሽ ፖስታ ያመጣል፣ የሚፈልገውን ይወስዳል። ለእኛ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ዘር የተክል ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል፣ ከሌለው ኤርፖርት ላይ ይቀራል። እዚህ የተባዛ የሐበሻ ጎመን ወይም የበሶብላ ዘር ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

ዘሩ አሮጌ ከሆነ እንፈትነዋለን። አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ማኖር ነው። ሳምንት አሥር ቀን ሲሆነው ስምንቱ ከበቀለ ደህና ነው፤ ሦስቱ ከሆነ አብዝታችሁ ዝሩ። የሽንኩርት ዘር ከዓመት ሁለት ዓመት አያልፍም፤ የጎመንና የቲማቲም አራት አምስት ዓመት ይቆያል።

ከሁሉ የምወደው ግን የወተት ጋሎኑን ነው። ባዶውን የፕላስቲክ ጋሎን ወገቡ ላይ ቆርጦ፣ ሥሩን ቀዳዶ፣ አፈር ሞልቶ፣ ዘር ዘርቶ፣ መልሶ በፕላስተር ማጣበቅ ነው። ክዳኑ ይጣላል። ከዚያ ውጭ፣ በረዶው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው" ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ቅድም ካልኩት ጋር አንድ ነው። ብዙ የዚህ አገር የዱር አበባ ዘር እርጥብ ብርድ ካላገኘ አይነቃም። ለምሳሌ ሚልክዊድ፣ ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበት፣ እንደዚያ ነው። ጋሎኑ ውስጥ ብርዱን ይጠጣል፣ ከወፍና ከጎርፍ ይጠበቃል፣ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይበቅላል። የጎመን ዘርም እዚያ ውስጥ በማርች ይወጣል፤ ቤት ውስጥ በመስኮት ሥር ካደገው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ።

በርበሬን ግን እዚያ ውስጥ እንዳትሞክሩ። በርበሬ ብርድ አይቆጥርም፣ አይለምድምም፤ ለመብቀል ራሱ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ አፈር ይፈልጋል። ወደ ውጭ የሚወጣው በሜይ፣ ፈረንጆቹ የእናቶች ቀንን ካከበሩ በኋላ ነው። ከዚያ ስምንት እስከ አሥር ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ማርች መጀመሪያ ላይ ታርፋላችሁ። ያኔ ውጭ ጎመኑ ከበረዶው ሥር አንገቱን እያወጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጉዝጓዙን እየበሳ ይሆናል። የእኔ በርበሬ ማብቀያ ደግሞ ሳሎን ውስጥ፣ ከኮሰረቷ ማሰሮ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ባለቤቴ አሁንም ያጉረመርማል።